ጎታቿን ጀልባ «አነስተኛ ረዳት» አትበሏት

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አገራችን ባሕር ኃይል እንደገና መቋቋም በጋዜጣችሁ የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገልሁ ሰው በመሆኔ፣ ጉዳዩን አንሥታችሁ መጻፋችሁ ራሱ አስደስቶኛል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ስለ ጦር መርከቦች፣ ስለ ሚሳይልና ስለ ራዳር በዝርዝር ካተተ በኋላ የወደቡን ሥራ «አነስተኛ ረዳት ጀልባዎችም ያስፈልጋሉ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አልፎታል። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ስለዚያች ዐረፍተ ነገር ነው። ከእነዚያ «አነስተኛ ረዳቶች» ዋነኛዋ ጎታች ጀልባ፣ እኛ የወደብ ሰዎች ታግ የምንላት ናት፤ ያለ እርሷ ትልቅ የጦር መርከብ ከጥገና ዶክ፣ ማለትም መርከብ ከሚጠገንበት ሥፍራ፣ በሰላም ሊገባም ሊወጣም አይችልም። አሠራሯም የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።

መርከብን የሚያዞረው የኋላ መሪ የሚሠራው ውሃ ሲፈስበት ብቻ ነው። መርከቡ በፍጥነት ሲጓዝ በጥቂት ንክኪ ይታዘዛል፤ ወደሚታሰርበት ጥግ ሲቃረብና ፍጥነቱን ሲቀንስ ግን መሪው ይደነዝዛል። ልክ በዚያ ሰዓት ነፋሱ እንደ ግድግዳ የቆመውን ጎኑን ይገፋዋል። በእኔ ዘመን ትልቋ መርከባችን «ኢትዮጵያ» ነበረች። ቀድሞ ኦርካ ተብላ የአሜሪካ ባሕር ኃይልን ታገለግል የነበረች፣ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የተሰጠችና የባሕር ኃይሉ ዕጩ መኮንኖች የተማሩባት መርከብ ናት፤ ርዝመቷም ወደ 95 ሜትር ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ጎኗን ሲይዛት፣ በድልድዩ፣ ማለትም መርከቧ በምትታዘዝበት ከፍ ያለ ክፍል ላይ፣ የቆሙት መኮንኖች የቱንም ያህል ቢማሩ፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ ሜትሮች የሚወስነው ከታች ከጎኗ ተለጥፋ የምትገፋው ታግ ነበረች። ሃያ ሜትር ለአንባቢ ትንሽ ይመስል ይሆናል። መርከቧን በዚያች ርቀት ላይ ከድንጋዩ ጋር ማጋጨት የወራት ጥገና ማለት ነው።

ወደ አሠራሯ ልምጣ፤ ምክንያቱም ታግን የማያውቅ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው። ሰው ጀልባዋን አጭርና ወፍራም ሆና ሲያያት ደካማ ትመስለዋለች። ነገር ግን ውስጧ አብዛኛው ሞተር ነው። ርዝመቷ 30 ሜትር በሆነ ቀፎ ውስጥ ሦስትና አራት እጥፍ ለሚረዝም መርከብ የሚበቃ ማሽን ተጭኗል። ፕሮፔለሯም ትልቅና ዝግ ብሎ የሚዞር ነው፤ ምክንያቱም የተሠራችው ለፍጥነት ሳይሆን ለጉልበት ነው። ከባድ የጭነት መኪና የዓባይን በረሃ በአንደኛ ማርሽ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ መኪናው ያቃስታል እንጂ አይሮጥም። የታግ ጉልበት የሚለካውም በፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም። ወደብ ዳር ካለው የብረት ጉቶ ጋር በገመድ ታስራ ሞተሯ በሙሉ ኃይሉ እንዲጎትት ይደረግና፣ በገመዱ ላይ ያረፈው ኃይል በቶን ይነበባል። እኔ እስከማውቀው ድረስ አንድ ንድፍ አውጪ ስለ ታግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህን ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መንጠቆው ነው። ብዙ ሰው የመጎተቻው ገመድ የሚታሰረው ከጀልባዋ ኋላ፣ ከጫፏ ላይ ይመስለዋል። አይደለም። ገበሬ ቀንበሩን በበሬው ትከሻ ላይ እንጂ በጭራው ላይ አያስርም። ገመዱ ከጭራዋ ቢታሰር፣ ከኋላ ያለው ሺህ ቶን ጭነት ጭራዋን ጨብጦ ይይዛትና አፍንጫዋን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዞር ይሳናታል። ስለዚህ መንጠቆው ወደ መካከሏ ጠጋ ብሎ፣ ከፕሮፔለሩና ከመሪው ፊት ይተከላል፤ ያን ጊዜ ጭራዋ ነጻ ሆኖ እንደ ልቧ ትዞራለች። ከመንጠቆው በስተኋላ ያለው ወለል ዝቅ ያለና ባዶ የሆነው፣ ገመዱ ከጎን ወደ ጎን ሲጠርግ ምንም ነገር እንዳይዘው ነው፤ በላዩም ገመዱን ከፍ አድርገው የሚያሳልፉ የብረት ቀስቶች ተዘርግተውበታል። ከላይ ያለው ቤቷ ደግሞ ከጎኖቿ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ የትልቁ መርከብ ጎን ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ቤቷ እስከ ዳር ቢወጣ ኖሮ በመጀመሪያው ሞገድ ይደቅቅ ነበር። በአፍንጫዋ ላይ በዱሮ ጊዜ ከተፈተለ ቃጫ የተሠራ እንደ ጢም የሚንጠለጠል ወፍራም መከታ ነበራት፤ በኋላ በጎማ ተተክቷል።

መንጠቆው መካከል ላይ መሆኑ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከፊት የምትጎትት ታግ ከኋላዋ ያለው መርከብ ሳያስጠነቅቅ ፍጥነት ቢጨምር ወይም ወደ ጎን ቢዞር፣ ገመዱ ከኋላዋ መሆኑ ቀርቶ ከጎኗ ይሆናል። ያን ጊዜ የምትጎትተው እርሷ መሆኗ ያበቃል፤ የምትጎተተው እርሷ ናት፣ ያውም በጎኗ። በየአገሩ በዚህ ዓይነት የተገለበጡ ታጎችና የሰጠሙ መርከበኞች ብዙ ናቸው፤ ጊዜው በሰከንዶች የሚቆጠር ስለሆነ ከሞተር ክፍል ወደ ላይ ለመውጣት እንኳ አይበቃም።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። አንድ ቀን ጧት፣ የየትኛው አገር መሆኑን የማልጠቅሰውን አንድ እንግዳ መርከብ ከወደብ ስናወጣ፣ እኔ ከመንጠቆው አጠገብ የእንጨት መዶሻ ይዤ የቆምሁ ወጣት መርከበኛ ነበርሁ። ገመዱ ላልቶ ውሃ ውስጥ ይጠልቅ ነበር። በመርከቡ ድልድይ ላይ ያለው ሰው እኛ ሳንለቅ ሞተሩን ወደፊት አዘዘ። ገመዱ ከውሃው ብድግ ሲል ከፈትሎቹ መካከል ውሃው እንደ ጉም ተረጨ፤ ከዚያም ቀጭን ድምፅ አወጣ፣ የክራር ጅማት ከልክ በላይ ሲጠብቅ እንደሚያወጣው ያለ። የረገጥሁት ወለል ወደ ግራ ሲዘም ባሕሩ በጫማዬ ላይ ፈሰሰ። አዛዣችን፣ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው የነበሩት በዕድሜ የገፉ የባሕር ሰው፣ ከመሪው ቤት በመስኮት ብቅ ብለው የጮኹት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ልቀቅ!» የመንጠቆውን መያዣ በመዶሻው መታሁት፣ ተከፈተ፣ ገመዱ እንደ እባብ ከራሴ በላይ እየተወነጨፈ ሄደ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ተመልሳ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ጋሼ ወርደው መንጠቆውን በእጃቸው ዳስሰው ሲያበቁ የጠየቁኝ «ይህን ማጠፊያ ግራሶ የቀባኸው መቼ ነው?» ብለው ነበር። ትናንት ማታ ነው አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መሪያቸው ተመለሱ።

ስለዚህ ማንኛውም የታግ መንጠቆ፣ የቱንም ያህል ኃይል ቢያርፍበት፣ በአንድ ምት የሚለቅ ሆኖ መሠራት አለበት። ዛሬ ከመሪው ቤት በአዝራር ይለቀቃል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ እነዚህ ጀልባዎች በጦርነት ምን እንደሚሠሩ ለመናገር ከሁሉ የተሻለችው ምስክር ሆጋ የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታግ ናት። የእርሷን ታሪክ የተከታተልሁት በአጋጣሚ ነው። በ1981 ዓ.ም. ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ መኖር ስጀምር፣ በወደቡ ዳር «ሲቲ ኦፍ ኦክላንድ» የተባለች የእሳት አደጋ ጀልባ አይ ነበር። ቅርጿን እንዳየሁ ታግ መሆኗን አውቄያለሁ፤ ክብ ጭራዋ፣ ዝቅ ያለው የኋላ ወለሏ፣ ወደ ውስጥ የገባው ቤቷ ሁሉ ይናገር ነበር። ሆጋ መሆኗንና የማንነቷን ዝርዝር የነገረኝ ግን በወደቡ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው።

ሆጋ የተሠራችው ኒው ዮርክ ውስጥ ሞሪስ ሃይትስ በተባለ ሥፍራ፣ በኮንሶሊዴትድ የመርከብ ሥራ ኩባንያ ነው። ውሃ ላይ የወረደችው እ.ኤ.አ. በ1940 የመጨረሻ ቀን ሲሆን፣ ሥራ የጀመረችው በግንቦት ወር 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት መሆኑ ነው። ስሟ «ሱ» ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደና ዓሣ ማለት ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለታጎቹ የአገሩን ነባር ሕዝቦች ቃላትና ስሞች መስጠት ልማዱ ነበር። ርዝመቷ ወደ 30 ሜትር ተኩል፣ ወርዷ ወደ 7 ሜትር ተኩል ነው። የምትንቀሳቀሰው በናፍጣና በኤሌክትሪክ ነበር፤ ማለትም የናፍጣ ሞተሮቿ ፕሮፔለሩን በቀጥታ አያዞሩም፣ ጄኔሬተር አዙረው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ዘንጉን የሚያዞረውን ሞተር ያንቀሳቅሳል። ይህ ለአንባቢ ዙሪያ ጥምጥም ይመስላል። ነገር ግን የታግ አዛዥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደፊት፣ ቁም፣ ወደኋላ፣ ጥቂት ወደፊት እያለ ስለሚያዝ፣ ኃይሉን በጭላፊ ለማሳነስም በቅጽበት ወደኋላ ለመገልበጥም ኤሌክትሪክን የሚያህል የለም። ከዚህም በላይ በመሪው ቤቷ አናት ላይ የውሃ መድፍ ተተክሎባት ነበር፤ የባሕር ኃይል ወደብ በነዳጅና በባሩድ የተሞላ ቦታ በመሆኑ፣ የወደቡ ታግ የእሳት አደጋም መኪና መሆኗን የነደፏት ሰዎች አልዘነጉም።

ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በሃዋይ እሑድ ጧት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ላይ፣ የጃፓን አውሮፕላኖች የአሜሪካን ባሕር ኃይል ወደብ ፐርል ሃርበርን መደብደብ ሲጀምሩ፣ ሆጋ ከሌሎቹ የወደብ ጀልባዎች ጋር በጥጓ ታስራ ነበር። ወደ አሥር የሚሆኑ ሠራተኞቿ፣ በጆሴፍ ማክማነስ አዛዥነት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ገመዷን ፈትተው ወጡ። መጀመሪያ ከውሃው ላይ ሁለት ሰዎች አነሡ። ከዚያም ከምትቃጠለው የውጊያ መርከብ ከአሪዞና ጎን ታስራ የነበረችውን የጥገና መርከብ ቬስታልን ጎትታ አወጣች። አሪዞና ላይ በዚያ ቀን 1,177 ሰዎች አልቀዋል፤ ቬስታል በዚያው ቀርታ ቢሆን ኖሮ የቁጥሩ መጨመር አይቀርም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የኔቫዳ ጉዳይ ነው። በዚያ ጧት ከነበሩት የጦር መርከቦች ሁሉ በራሷ ሞተር ተንቀሳቅሳ ወደ መውጫው ያመራች ትልቋ ውጊያ መርከብ ኔቫዳ ብቻ ነበረች። በአንድ ቶርፔዶና ቢያንስ በስድስት ቦምቦች ተመትታ ውሃ ትጠጣ ነበርና በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ብትሰምጥ ወደቡን በሙሉ እንደ ቡሽ ትደፍነው ነበር። ስለዚህ ሆን ተብሎ ዳር ላይ እንድትቀመጥ ተደረገ፤ የተቀመጠችበት ቦታ ግን ጥሩ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ሆጋ ደረሰች። ከ175 ሜትር በላይ የምትረዝመውንና የምትቃጠለውን መርከብ አፍንጫ በአፍንጫዋ ደግፋ እየገፋች፣ ከመሪው ቤቷ አናት ላይ ካለው የውሃ መድፍ ደግሞ እሳቱ ላይ እየረጨች፣ ኔቫዳን ከመተላለፊያው ማዶ አሻግሮ በሌላው ዳር በማስቀመጡ ሥራ ላይ ዋለች። ኔቫዳ በኋላ ተነሥታ፣ ታድሳ፣ በኖርማንዲ የተባበሩት ኃይሎች ጦር ሲወርድ ከባሕር መድፍ ተኩሳለች። ወጣት መኮንኖች ስለ ኖርማንዲ ሲማሩ፣ ያቺ መርከብ እዚያ የደረሰችው አንዲት ታግ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ገፍታ ስላተረፈቻት መሆኑን ሊነገራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሠራተኞቿ ከዚያ በኋላ አልተኙም። በተቃጠሉት መርከቦች መካከል ሆነው፣ ነዳጅ በተንሳፈፈበት ውሃ ላይ፣ በጠቅላላው 72 ሰዓት እሳት ሲያጠፉ ሰነበቱ። የአሜሪካ የፓስፊክ ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 ለአዛዡና ለሠራተኞቹ የጽሑፍ ምስጋና ሰጥቷቸዋል። አስቡት፣ እነዚህ ሰዎች መድፈኞች አልነበሩም። ሥራቸው በየቀኑ መርከብ መግፋትና ገመድ መጠቅለል ነበር፤ በዚያ ቀን ያደረጉትም ያንኑ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ለኦክላንድ ወደብ በኪራይ ተሰጥታ ከአርባ ዓመት በላይ እሳት ስታጠፋ ኖረች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች። እኔ ኦክላንድ ስደርስ ያየኋት እንዲህ ሆና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አርካንሳስ፣ ኖርዝ ሊትል ሮክ ወደሚገኘው የወንዝ ዳር ሙዚየም ተወሰደች። እዚያ ሄጄ ከዳር ሆኜ ተመልክቻታለሁ። አጠገቧ ሬዘርባክ የተባለው ሰርጓጅ መርከብ ታስሯል፤ ጃፓን እጅ ስትሰጥ በቶኪዮ ወሽመጥ ከተገኙት አንዱ ነው። ጎብኚው ሁሉ ፊቱን ወደ ሰርጓጁ አዙሮ ነበር። እኔ የሆጋን ጎን ስመለከት ቆየሁ፤ በብረቷ ላይ ያሉት ስርጉዶች ሁሉ ትልቅ መርከብ የተደገፈባቸው ቦታዎች ናቸው።

የታግ ንድፍ ከምታገለግለው መርከብ ጋር አብሮ ሊለወጥ እንደሚገባ ለማሳየት ደግሞ የእንግሊዝን ባሕር ኃይል እጠቅሳለሁ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ማኮብኮቢያ ከጎናቸው ወጣ ብሎ እንደ ሰፊ ዣንጥላ ይንጠለጠል ነበር። ረጅም ጭስ ማውጫና ምሰሶ ያላት ተራ ታግ ከሥሩ ብትገባ አናቷ ይሰበራል። እንግሊዞች ያን ጊዜ ያደረጉት የሚያስገርም ነው፤ ዘመኑ የአቶሚክ ሆኖ ሳለ ወደ ጥንቱ ባለ ጎማ መቅዘፊያ ጀልባ ተመለሱ። ዳይሬክተር የተባለችውን ጨምሮ ሰባት ታጎች በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተሠሩ፤ ግራና ቀኛቸው ላይ ትልልቅ የመቅዘፊያ መንኮራኩሮች ነበሯቸው። ኃይላቸው ግን የእንፋሎት ሳይሆን፣ እንደ ሆጋ፣ የናፍጣና የኤሌክትሪክ ነበር። አንዱን መንኮራኩር ወደፊት ሌላውን ወደኋላ በማዞር ባሉበት ሊሽከረከሩ ይችሉ ነበር፤ ምሰሷቸውም ከሥሩ ስለሚታጠፍ ከማኮብኮቢያው በታች ይገቡ ነበር። በፖርትስመዝና በዴቨንፖርት ለሃያ ዓመት ያህል ሠርተዋል። አዲስ ነገር ሁልጊዜ ከአሮጌው ይሻላል የሚል ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው፤ እነዚያ መሐንዲሶች የጠየቁት ዘመናዊው የትኛው ነው ብለው ሳይሆን ከዚያ ማኮብኮቢያ ሥር ምን ይገባል ብለው ነበር።

ዛሬ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት መላ ሰውነታቸውን ሳያዞሩ ግፊታቸውን ወደ ፈለጉት አቅጣጫ የሚመሩ ጀልባዎች ናቸው። በአንዳንዶቹ ከቀፎው ሥር ቀጥ ብለው የሚንጠለጠሉ ምላጮች ክብ እየዞሩ ይገፋሉ፤ በሌሎቹ ፕሮፔለሩ ራሱ ሙሉ ክብ ይዞራል። ለሰርጓጅ መርከቦች የሚሠሩት ደግሞ ከውሃው በታች ጭምር ለስላሳ መከታ አላቸው፤ የሰርጓጅ ሆዱ የሚሰፋው ከውሃው ሥር ስለሆነ፣ ላይ ላዩን ብቻ የተለጠፈ ጎማ አይጠብቀውም።

የምጽዋን ነገር ሳላነሣ አልጨርስም፤ ምክንያቱም ይህ ሥራ በእኛ የባሕር ጠረፍ ትልቅ ታሪክ አለው። ጣሊያኖች መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምጽዋን ከማስረከባቸው በፊት በርካታ መርከቦችን በወደቡ መግቢያዎች ላይ በረድፍ አሰመጡ፤ መርከብን ለጥገና ከውሃ የሚያነሡትን ተንሳፋፊ ድራይ ዶኮችም በፈንጂ ቀዳደው ወደ ታች አወረዷቸው። በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ደርሶ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከኤርትራውያን፣ ከዓረቦች፣ ከጣሊያን ምርኮኞችና ከየአገሩ ከመጡ ሠራተኞች ጋር የተሰባበሩትን የጥገና ቤቶች አስነሣ፤ ትልቁንም የጣሊያን ዶክ በታመቀ አየር ከባሕር ወለል አወጣው። ከኢራን ተጎትቶ በመጣ ሌላ አነስተኛ ዶክ ላይ ደግሞ ዲዶ፣ ዩሪያለስና ክሊዮፓትራ የተባሉት የእንግሊዝ ክሩዘሮች፣ ማለትም መካከለኛ የጦር መርከቦች፣ ጥገና አግኝተዋል። ዶኩ ለክሩዘር አጭር ስለነበር፣ መርከቡ በከፊል ብቻ ተነሥቶ ሌላው ክፍሉ ውሃ ላይ እንዲቀር ማድረግ ነበረባቸው። ከአሜሪካ ኢንቴንት የተባለች ጎታች መርከብም ለዚያ የመርከብ ማንሣት ሥራ መጥታለች። መርከብን በዶክ ግድግዳዎች መካከል ማስገባት መርፌ እንደ መክተት ነው፤ ነፋስ ባለበት ቀን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚይዘው ሳይኖር አይገባም። እኔ ምጽዋ ስደርስ በዚያ ዘመን በልጅነታቸው ገመድ ሲስቡ የነበሩ ሽማግሌዎች ገና ወደቡ ላይ ነበሩ፤ ገመድ እንዴት እንደሚጠቀለልና ከተወጠረ ገመድ ፊት ለምን እንደማይቆም ያስተማሩን እነርሱ ናቸው።

ስለ ኑሮው ጥቂት ልጨምር። የጦር መርከብ ሠራተኛ ወደብ ሲገባ ሥራው ይቀልለታል፤ የታግ ሠራተኛ ሥራው ያን ጊዜ ይጀምራል። ሌሎች ለመነሣት ካቀዱበት ሰዓት ከአንድ ሰዓት በፊት ሞተሩ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ እንነሣ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙውን ጊዜ መጠበቅ ነው፤ የሚጠበቀው መርከብ ይዘገያል፣ ትእዛዙ ይለወጣል፣ ብረቱ ፀሐይ ሲመታው እጅ አያስነካም። በምጽዋ ክረምት የሞተሩ ክፍል እንደ ምድጃ ስለነበር ሁለቱ መካኒኮች በየተራ ወጥተው ራሳቸው ላይ ውሃ ያፈሱ ነበር። በሥራ መካከል ወሬ የለም። ከትልቁ መርከብ አንድ አጭር ፊሽካ ሲሰማ ታጓ በአንድ አጭር ፊሽካ ትመልሳለች፤ ያም «ሰምቻለሁ፣ እያደረግሁት ነው» ማለት ነው። ሥራ በሌለበት ቀን ዝገት መቀጥቀጥና ቀለም መቀባት ነው፤ ጨው ዕረፍት የለውም። መርከቡ በሰላም ከታሰረ በኋላ መኮንኖቹ እርስ በርስ እጅ ይጨባበጣሉ፤ እኛ ገመዳችንን ሰብስበን እንሄድ ነበር። ለዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ሥራው በትክክል ከተሠራ ማንም እንዳያስተውለው ሆኖ የሚያልቅ ነውና። ጋዜጣ ግን ሊያስተውለው ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የመጀመሪያው፣ ስለ ባሕር ኃይል በምትጽፉት ቀጣይ ክፍል ላይ መርከቦቹን የሚያስጠጉትና የሚያወጡት ጀልባዎች ምን ዓይነት እንደሚሆኑ፣ ስንት ቶን እንደሚጎትቱ፣ ሠራተኞቻቸውም የት እንደሚሠለጥኑ ኃላፊዎቹን እንድትጠይቁልኝ ነው። በባሕር ዳርና በባቦጋያ የባሕር ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች አሉን፤ አብዛኞቹ ሐሳባቸው በትልልቅ የንግድ መርከቦች ላይ ነው። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ እንኳ ታግ የመንዳትን ጥበብ ቢይዙ፣ ወደብ ባለበት አገር ሁሉ እንጀራቸው አይጎድልም።

ሁለተኛው የግል ልመና ነው። በምጽዋም ሆነ በአሰብ በታግ ላይ የሠሩ ሰዎች በዕድሜ እየሄዱብን ነው። በየቤታቸው የሚገኙ ፎቶግራፎች ካሉ በጋዜጣችሁ እንዲያወጡላቸው ገጽ ብትከፍቱ፣ እኔ የመጀመሪያውን እልካለሁ። በፎቶግራፉ ላይ አምስት ሰዎች ከመንጠቆው ኋላ ቆመናል፤ ጋሼ መካከል ላይ ናቸው፣ በግራ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ ይዘዋል፣ ቀኝ እጃቸው መንጠቆው ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ፣
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ